የኢያሪኮ ምንጭና የእኛ መጋዘን

ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 2፥19-22፤ ዘሌዋውያን 14፥33-45



ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰማይ ከተወሰደ በኋላ ደቀ መዝሙሩ ኤልሳዕ የመምህሩን መጎናጸፊያ ይዞ ዮርዳኖስን ተሻገረና በኢያሪኮ ተቀመጠ። የከተማይቱም ሰዎች ወደ እርሱ መጡ። ያመጡለት ጉዳይ የጦርነት ወይም የንግሥና ጉዳይ አልነበረም፤ የመሬትና የውኃ አቤቱታ ነበር። ከተማቸው ለመኖሪያ የተመቸች መሆኗን፣ ውኃዋ ግን የተበላሸ፣ ምድሯም ፍሬዋን የምታስወርድ መሆኗን ነገሩት። ነቢዩ አዲስ ማሰሮና ጨው አስመጣ፤ ውኃው ወደሚመነጭበት ስፍራ ድረስ ወጥቶም ጨውን በዚያ ጣለ፤ በእግዚአብሔር ቃል ምንጩ ተፈወሰ።

ታሪኩ አራት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። እኔም በዘርዐ ክህነት ሳለሁ ስለ ኤልሳዕ ስንማር የሱነማዊቱን ሴትና የንዕማንን ለምጽ በሰፊው አጥንተናል፤ የኢያሪኮን ምንጭ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈነው እንደነበር አስታውሳለሁ። ወደዚህ ምንባብ የመለሰኝ አንድ አሮጌ መጋዘን ነው። ጉዳዩ እኔንም የሚያሳፍር ቢሆን ልነግራችሁ ወስኛለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በበጋው ወራት ነበር። በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ለመዋዕለ ሕፃናት የሚሆን ቦታ ለረጅም ጊዜ ስንፈልግ ቆይተን፣ ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የቆርቆሮ መጋዘን ከነግቢው እንድንወስደው ሐሳብ ቀረበልን። ግቢው ሰፊና ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ አለው፤ ለእናቶችም ቅርብ ነው። ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? የቁምስና ምክር ቤቱን ሰብስቤ የምሥራቹን ነገርሁ፤ በውጭ ሀገር ለሚኖሩ በጎ አድራጊዎችም ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ገንዘቡም መምጣት ጀመረ። ግቢውን የሚመነጥሩ ሠራተኞች አስገባሁ። በግቢው ጥግ ተጋድመው ያገኘኋቸውን ሁለት በርሜሎችም በሳሙና አሳጥቤ ለሠራተኞቹ የውኃ ማጠራቀሚያ እንዲሆኑ አደረግሁ። በቁጠባዬም ተደስቼ ነበር፤ በርሜል በገበያ ውድ ነውና።

በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት መጡ። በወጣትነታቸው በዚያው መጋዘን በዘበኝነት ያገለገሉ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሆኑ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። መስቀል ተሳልመው ከተቀመጡ በኋላ ግቢውን በዓይናቸው ዞሩት።

«አባ፥ ቦታው ጥሩ ነው፤ ለልጆች የሚመች ሜዳ ነው» አሉኝ። «ወለሉን ግን አያስቆፍሩ። ከሥሩ መድኃኒት አለ።»

«የምን መድኃኒት ነው፥ አያ?»

«የተምች። የአንበጣም ነበረበት። በርሜሉ ሲያፈስ አሸዋ እናለብሰው ነበር፤ ሲበዛብን ጊዜ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው።»

«ቅበሩት ያላችሁ ማን ነው?»

«ማንም አላለንም። ይሸት ነበር፤ ቀበርነው።» ከዚያም በከዘራቸው ወደ ሁለቱ በርሜሎች አመለከቱና «እነዚያስ ለምንድን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ብዬ እንደመለስሁላቸው አላስታውስም። የማስታውሰው በዚያ ምሽት ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ሄጄ የበርሜሎቹን ውኃ መድፋቴን ነው። የት ደፋሁት? እዚያው ከጓሮው። በማግስቱ ሠራተኞቹ ሲጠይቁኝ «ያፈስሳሉ» አልኋቸው። ለሦስት ሳምንት ያህልም ለማንም አልተናገርሁም። ሰበቤ ብዙ ነበር፤ ገንዘቡ መጥቷል፤ ቦታው ከእጃችን ከወጣ ሌላ አናገኝም፤ ሰውዬው አርጅተዋል፣ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል፤ ወለሉን በአዲስ ሲሚንቶ ብንለብጠው ማን ያውቃል? ይህን ሁሉ እያወጣሁና እያወረድሁ በየጠዋቱ እቀድስ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሕዝባችን ይህን ነገር «መድኃኒት» ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ተምች የጤፉንና የበቆሎውን ማሳ በጥቂት ቀናት ሲያራቁተው፣ የአንበጣ መንጋ ሲነሣ፣ በቆላው ወባ ሰውን ሲፈጅ ኬሚካሉ ቀረበ፤ ብዙ ሰብልና ብዙ ነፍስም ተርፎበታል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የተላከው አንዳንዴ ተባዩ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ከሚያስፈልገው በላይ ይመጣል። ሥራ ላይ ሳይውል ጊዜው ያልፍበታል። በርሜሉ ይዝጋል፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ይዛወራል፤ መንግሥት ይለወጣል፤ ቁልፉም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በመላ ሀገራችን በተደረገ ቆጠራ በ250 ያህል ስፍራዎች 1,500 ቶን ገደማ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ኬሚካል ተከማችቶ ተገኝቷል። ከነዚህም መካከል ዲዲቲና ዲልድሪንን የመሳሰሉ፣ በአፈር ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ሳይበሰብሱ የሚቆዩ፣ በሰውና በእንስሳ ስብ ውስጥ የሚጠራቀሙ፣ በጡት ወተትም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ነበሩ።

በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነትና በለጋሽ መንግሥታት ርዳታ ይህ ክምችት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተለቀመና በአዲስ ዕቃ እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከ። እንዲህ ያለው መርዝ በሜዳ ቢቃጠል ጭሱ ከራሱ ይብሳል፤ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚግል ልዩ ምድጃ ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ በሀገራችን አልነበረም። ስለዚህ በእኛ ጭቃ ውስጥ የዛገ በርሜል ባሕር ተሻግሮ በሰሜን አውሮፓ ተቃጠለ። የመጀመሪያው ዙር ካለቀ በኋላም ሌላ ክምችት ስለተገኘ ሁለተኛ ዙር አስፈለገ። በዚህ ሥራ የደከሙት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ ጭምብል አጥልቀው በየመጋዘኑ መርዝ ያሸጉት ወጣቶች፣ ስማቸው በየትም ሲነሣ አልሰማሁም። በጸሎታችን ልናስባቸው ይገባል።

በርሜሉ ተነሣ ማለት ግን መሬቱ ነጻ ማለት አይደለም። በርሜሉ ይቆጠራል፣ ይጫናል፤ ከበርሜሉ ያፈሰሰው ግን አፈር ሆኗል። የእኛም ሽማግሌ የነገሩኝ ጉድጓድ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሰፈረ ስለመሆኑ ምልክት አላገኘሁም። እንዲህ ያለው ነገር በሰዎች ትዝታ ብቻ ይኖራል፤ ሰዎቹ ሲሞቱ ደግሞ ሣር ይበቅልበታል። ከዚያ አንድ ቄስ ይመጣና ለመዋዕለ ሕፃናት የሚመች ሜዳ ነው ይላል።

ስለ ኢያሪኮ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ኤልሳዕ ወደዚያ ከመምጣቱ በፊት በንጉሥ አክዓብ ዘመን የቤቴል ሰው አኪኤል ፈርሳ የኖረችውን ኢያሪኮን ዳግመኛ ሠርቷት ነበር። መሠረቷን ሲጥል በኵር ልጁን፣ በሮቿን ሲያቆም ታናሹን ልጁን እንዳጣ በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 16 ተጽፏል። ኢያሱ በዚያ ቦታ ላይ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተናግሮ ነበር፤ አኪኤል ግን ሠራ። ሊቃውንት ይህን ምንባብ በተለያየ መንገድ ይተረጉሙታል፤ ወደዚያ ክርክር አልገባም። እኔን ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የታወቀበትን መሬት ዝም ብሎ የሠራበት ሰው ዋጋውን በልጆቹ ከፈለ። የእኔ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ የሰው ልጆች የሚቀመጡበት ነው። ሕፃን ምን ያደርጋል? አፈር ላይ ይጫወታል፤ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል።

በዚያው ሰሞን ዐቢይ ጾም ገባ። ለስብከት ስዘጋጅ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ ደረስሁ። እንደ ደንቡ የምናልፈው ክፍል ነው። በቤት ግድግዳ ላይ ደዌ ሲታይ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ ለካህኑ ይናገራል፤ ካህኑ ገብቶ ያያል፤ ቤቱ ለሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ከሰፋ የታመሙት ድንጋዮች ተነቅለው፣ ምርጊቱ ተፍቆ፣ ከከተማ ውጭ ለዚያ በተለየ ስፍራ ይጣላል፤ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ጭቃ ይጠገናል፤ ደዌው ከተመለሰ ግን ቤቱ ይፈርሳል። አንድ ኢንጂነር ወዳጄ ይህን ሳነብለት ሳቀና «አባ፥ እኛ ዛሬ የምንሠራው ይኸንኑ አይደለምን?» አለኝ፤ መመርመር፣ መዝጋት፣ ማውጣት፣ በተለየ ስፍራ ማስቀመጥ፣ መልሶ መመርመር። እኔ ግን አልሳቅሁም። በዚያ ሕግ ግድግዳውን እንዲመረምር የታዘዘው ካህኑ ነው፤ እኔም ግድግዳውን በሲሚንቶ ለመሸፈን ያሰብሁት ካህን ነበርሁ።

ስለዚህ ንስሐ ገባሁ። ምሥጢረ ንስሐን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ። ካህኑ ሲፈታን ኃጢአታችን ይሰረያል፤ ኃጢአቱ ያደረሰው ጉዳት ግን በፍትሐቱ ብቻ አይጠገንም። የሰረቀ ይመልሳል፤ ስም ያጠፋ ስሙን ያድሳል። ለተናዛዡ ካህን የበርሜሉን ነገር ስነግራቸው ንስሐ ብለው የሰጡኝ ዳዊት መድገም ብቻ አልነበረም፤ «ሄደህ ለሠራተኞቹ እውነቱን ንገራቸው፤ ከዚያም ለምእመናኑ» አሉኝ። ዳዊቱን መድገም ምንኛ በቀለለኝ!

ለሠራተኞቹ ነገርኋቸው። አራቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ታዩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የታየባቸው ነገር አልነበረም። አንደኛው ግን «አባ፥ ያፈስሳል ያሉን እርስዎ ነዎት» አለኝና ሌላ ምንም አልጨመረም። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ተግሣጾች ሁሉ ይህ ይከብደኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ተናገርሁ። አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ቦታውን ለማስጣል የተፈጠረ ወሬ ነው ያሉም ነበሩ፤ አንዲት እናት ደግሞ ከዚያው ግቢ ለዓመታት ሣር እያጨደች ላሟን ስትቀልብ እንደኖረች ተናግራ አለቀሰች። ማንም አልነገራትማ።

የኢያሪኮን ሰዎች ልብ ብዬ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ስለ ከተማቸው ሁለት ነገር አብረው ተናገሩ፤ መልካምነቷን አልካዱም፤ ብልሽቷንም አልሸሸጉም። እኛ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ እንናገራለን። መሬት ልንሸጥ ወይም ልንሰጥ ስንፈልግ ያማረውን፣ ልንከስስ ስንፈልግ የተበላሸውን። ነቢዩም ተአምሩን ያደረገው ሁለቱንም ከሰማ በኋላ ነው። ቀጥሎም በየቤቱ ባለው እንስራ ላይ ጨው አልበተነም፤ ወደ ምንጩ ወጣ።

ወደ ምንጩ መውጣት በእኛ ዘንድ ምን ሆነ? የወረዳው ባለሙያዎች መጡ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ከፊት እየመሩ፣ ከግራሩ ሥር ጀምረው በእርምጃ እየቆጠሩ ጉድጓዱን አሳዩ። ባለሙያዎቹ የሰጡን ምክር እኔ ከጠበቅሁት የተለየ ነበር። አትቆፍሩ አሉን። ያለ መሣሪያና ያለ ጭምብል የቆፈረ ሰው መርዙን ከተኛበት ቀስቅሶ በአቧራ ይተነፍሰዋል፤ ያወጣውንም አፈር የሚያስቀምጥበት የለውም። ይልቁንም የመጋዘኑ ጣሪያ እንዳያፈስስ ጠግኑ፤ የሲሚንቶው ወለል እንዳይሰነጠቅ ጠብቁ፤ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ግቢው እንዳይገባ ቦይ አውጡለት፤ እጠሩት፤ ከብት አይግባ፤ ሣሩ አይታጨድ፤ ዛፉም ለማገዶና ለከሰል አይቆረጥ። መርዙን የሚያንቀሳቅሰው ውኃ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ብዙ ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ቅርብ ነው። በዳንግላ ወረዳ ብዙው ቤተሰብ በጓሮው በእጅ ከቆፈረው ጉድጓድ እየቀዳ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ከዚህ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ከፊሉ በግልገል ዓባይ ወደ ጣና፣ ከፊሉ በበለስ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ የአዊ ጓሮ የተቀበረ ነገር የዚያ ጓሮ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ፈተና ላስጠንቅቅ። የአዊ ሕዝብ የደከመ መሬት ማዳን ያውቅበታል። አሲድ ያጠቃው ማሳ ላይ ኖራ በትኖ ገብሱን መልሷል፤ በፋግታ ለኮማም እህል እምቢ ባለው መሬት ላይ ዲከረንስ ተክሎ በጥቂት ዓመታት ከሰል አውጥቶ ሸጦበታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን የመታው በሽታ ልባችንን ቢሰብረውም። ስለዚህ ከስብከቱ በኋላ አንድ ታታሪ ገበሬ መጥቶ «ኖራ እንበትንበትና እንዝራው» አለኝ። ነጭ ዱቄት በመሬት ላይ መበተን የኤልሳዕን ጨው ስለሚመስል ሐሳቡ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ይሁን እንጂ ኖራ የአፈርን አሲድ ያበርዳል እንጂ ዲዲቲን አያጠፋም። ከሰልስ? ከሰል መርዝን ይዞ የማስቀረት ጠባይ እንዳለው እውነት ነው፤ መርዝ ለጠጣ ሕመምተኛ በሐኪም ቤት የሚሰጠውም በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ የተበከለ አፈርንም ለመያዝ በባለሙያ እጅ ይሠራበታል። ነገር ግን መያዝ ማጥፋት አይደለም፤ ማንም በገዛ ራሱ ከሰል ደባልቆ ጎመን እንዳይተክልበት እለምናለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ መሬት ለዘላለም የተረገመ ነውን? አይደለም። ለሁሉ ነገር ግን አይሆንም። ለሕፃናት መጫወቻ፣ ለጓሮ አትክልት፣ ለውኃ ጉድጓድ የማይሆን መሬት ተመርምሮና በሚገባ ተለብጦ ለዕቃ ማከማቻ፣ ለገበያ ዳስ፣ ለባጃጅ መቆሚያ ሊሆን ይችላል። በሌላው ዓለም የተዘጉ የፋብሪካ ግቢዎች ከብዙ ድካም በኋላ መናፈሻና የሥራ ቦታ ሆነዋል። ይህ የሚሆነው ግን አስቀድሞ «ምን አለበት?» ከዚያም «ለምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። እኔ የሄድሁት በግልባጩ ነበር።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የበከለው መሥሪያ ቤት ስሙ ተለውጦ ወይም ፈርሶ፣ ሠራተኞቹ በየመቃብሩ ሲያርፉ ማን ይጠየቃል? በሕንድ ሀገር በቦፓል ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ከፀረ-ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ መርዛማ ጋዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ፍርድ ቤቶች ተከራከሩ፤ በግቢው የቀረው ቆሻሻ ግን እዚያው ከረመ። 337 ቶን የሚሆነው ከግቢው የተነሣው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው፤ 40 ዓመት አልፎ። ኃላፊው ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አንድ ትውልድ በአጥሩ ሥር ተወልዶ አደገ።

ሀገረ ስብከታችን የባሕር ዳር-ደሴ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ «ላውዳቶ ሲ» የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክት ጻፉ። በዚያ መልእክት ምድር የሁላችን የጋራ ቤት መሆኗን፣ የምድርን ሮሮ ከድሆች ሮሮ ለይቶ መስማት እንደማይቻል አስተምረዋል። ስለ ቤት ከተነጋገርን ደግሞ ማንኛችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ የአባቱን ቤት የወረሰ ልጅ ከነዕዳው ይወርሳል። «እኔ አልተበደርሁም» ብሎ ቤቱን ብቻ መውሰድ በአገራችን ባህልም ነውር ነው። በእኛ ቀበሌ መርዙን የቀበሩት እኛ አይደለንም፤ ከተምቹ መጥፋት የተገኘውን እህል ግን በልተን ያደግነው እኛ ነን።

ደግሞም ዕዳው የቀደሙት ብቻ አይደለም። ዛሬ በዳንግላም በእንጅባራም ከየጋራዡ የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት የት ይፈስሳል? የመኪና ባትሪ አሲዱ ከተደፋ በኋላ እርሳሱ የት ይቀልጣል? የአረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ገበያ ላይ ሲሸጥ አላየንምን? ይህን ጀሪካን ለውኃም፣ ለጠላም፣ ለዘይትም የምትገዙ እናቶች፥ ሳሙናም ፈላ ውኃም አያነጻውም። የምትሸጡም ወንድሞች፥ እኔ «ያፈስሳል» ብዬ የዋሸሁትን ዓይነት ውሸት እንዳትዋሹ። ባዶውን ብሱትና ከጥቅም ውጭ አድርጉት፤ የት እንደሚቀመጥም የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

ወንድሞቼ ካህናት፣ እኅቶች ደናግል፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በየቁምስናችሁ አሮጌ መጋዘን፣ የቀድሞ የእርሻ ጣቢያ፣ የተዘጋ ጋራዥ ካለ፣ የቀድሞዎቹን ዘበኞችና ቀን ሠራተኞች አሁኑኑ ፈልጋችሁ አነጋግሯቸው። በሃይማኖት ከእኛ ጋር መሆን አለመሆናቸውን አትመልከቱ። ለእኔ ነቢይ ሆነው የተላኩት የኦርቶዶክስ ምእመን ነበሩ። የሚናገሩትን ጻፉት፤ ለወረዳውም አስታውቁ።

መዋዕለ ሕፃናቱ በሌላ ስፍራ ተሠርቷል። ግቢው ጠባብ ነው፤ ዳገታማም ስለሆነ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ኳሷ ወደ ታች እየተንከባለለች ታስቸግራቸዋለች። ለበጎ አድራጊዎቹ እውነቱን ጽፌላቸው ነበር፤ አንዱ ገንዘቡን መልሶ ወሰደ፤ ሌሎቹ ግን ለጣሪያው መጠገኛና ለአጥሩ የሚሆን ጨምረው ላኩ። መጋዘኑ እንደታጠረ አለ። አፈሩ አልተነሣም፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት የቁምስናው ወጣቶች ቦዩን ይጠርጋሉ፣ ጣሪያውንም ያያሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይገቡም።

እኚያ ሽማግሌ ዐርፈዋል። በቀብራቸው ላይ ተገኝቼ ነበር። ከግራሩ ሥር እስከ ጉድጓዱ የቆጠሩት ርቀት 34 እርምጃ ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከነሥዕሉ አስፍሬ፣ እርሳቸውም ጣታቸውን አትመውበት፣ አንዱ ቅጂ በወረዳው፣ ሌላው በቁምስናችን ሣጥን ውስጥ ከጥምቀት መዝገቡ ጋር ተቀምጧል። ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ካህን ቁልፉን ሳስረክብ በመጀመሪያ የማሳየው እርሱን ነው።